የእናቱ ጭልፋ

ረሺድ ከተማ፣ ማክሰኞ፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ለባለቤቴ እናት፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ከደጃፍዎ አይራቅ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ቀኝ ጉልበትዎስ? ቅባቱን እዚህ መስኮታችን ላይ ረስተውት ስለሄዱ፣ ጠዋት ጠዋት የወንዙ እርጥበት ሲነሳ ምን እየተቀቡ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ፍየሏ ወለደች? የቴምሩ ዛፍ ዘንድሮ እንዴት ያዘ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን የምለው ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ እውነቱን ያገኙታል።

ይህን የምታነብልዎት መምህርት ኢንሳፍ እንደሆነች አውቃለሁ። ሁለት ነገር እለምናታለሁ። አንደኛ፣ አዝናልኝ የምትዘለው መስመር አይኑር። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ በር ዘግታ አታንብበው። ከዳቦ ምድጃው ዘንድ፣ ሴቶቹ ሊጡን ይዘው ተራ ሲጠብቁ፣ ጮክ ብላ ታንብበው። ለምን እንደሆነ ስትደርስበት ይገባታል።

ልጅዎ ሸውቂ የልቡን በር አስቀይሮ የብረት በር ካስገባ ነገ ልክ ሦስት ወሩ ነው። ያን ቀን እስክንድርያ፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ እኔና እርስዎ አንድ አግዳሚ ላይ ስድስት ሰዓት ተቀመጥን። ከጀልባ መሥሪያው የመጡት ጓደኞቹ ደም ሰጥተው፣ ጭማቂያቸውን ጠጥተው፣ ሲጋራ ለማጨስ ወደ ውጭ ወጡ። እኛ ቀረን። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳሬ ከእርስዎ ጋር ያን ያህል ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጬ አላውቅም። ልጅ አልወለድኩም፤ እርስዎ አንድ ቀን ለምን ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም አልቅሼብዎት አላውቅም። እንዲያው ዝም ተባብለን ኖርን። ከሻርፕዎ ጫፍ ዳቦ በአይብ ፈተው ለሁለት ቆረሱና፣ «አንቺስ በላሽ?» አሉኝ። አልራበኝም አልኩ። «ራበሽ አልራበሽ ማን ጠየቀሽ፤ ብዪ!» አሉኝ። በላሁ። ትዝ ይልዎት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ዳቦው ላይ የነበረው ሰሊጥ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

ወደ ቤት ስናመጣው ልብስዎንና ያንን የመዳብ ጭልፋዎን ጠቅልለው መጡ። በሰው ጭልፋ ወጥ አይጣፍጥም አሉ። በሰው የሚሉት እኔን ነው ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂም ያዝኩ። እንዲህ ያለ ነገር ነው በልቤ የማጠራቅመው፤ ትንንሽ ነገር።

ከዚያ ሰው መጣ። የጀልባ ጠራቢዎቹ፣ ሚስቶቻቸው፣ የአጎቱ ልጆች፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ። ሸውቂ እንዴት አደረ? ሸውቂ በላ? ሸውቂ ሳቀ? እኔ በር ከፋች፣ ሻይ አቅራቢ፣ ጫማ ደርዳሪ ሆንኩ። እሱ በጀርባው ተንጋሎ ያድራል፤ ክንዴ ደረቱን እንዳይነካው ስለምፈራ እኔ ሶፋው ላይ ነው የምተኛው። ማሳል ሲፈልግ ሐኪሞቹ እንዳስተማሩት ትራሱን ደረቱ ላይ እቅፍ ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ ያን ትራስ አቅፎ ሲውል እያየሁ በትራስ ቀናሁ ብልዎት ያምኑኛል? ቤቱ ጸጥ ሲል አዲሱ በር ጭቅ ጭቅ ሲል ይሰማል። እርስዎ በመጡ በማግስቱ ጆሮዎን ደረቱ ላይ ለጥፈው፣ «አላህ ይጠብቃት፣ ይህችን ትንሽ ሰዓት» ብለው ስቀው ሳሙት። እኔ እስከዛሬ ጆሮዬን አላስጠጋሁም። የምሰማው ከክፍሉ ማዶ ነው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ሴቶቹም በደንብ ይስሙ።

ቅዳሜ ነበር፤ ሳሎኑ በሴቶች ተሞልቷል። እርስዎ ማዕድ ቤት የሙሉኪያውን ቅጠል በባለ ሁለት እጀታው ቢላዋ ከትፈው፣ በጥንቸሉ መረቅ አፍልተው፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከድንብላሉ ጋር አቁላልተው ጨረሱ። ድስቱ ውስጥ ሲገለብጡት ወጡ እንዲጣፍጥ እናቶቻችን ሁሉ እንደሚያደርጉት ትንፋሽዎን በድምፅ ወደ ውስጥ ሳቡ። ግን የእርስዎ ሰማይ የተደረመሰባት ሴት ድንጋጤ ነው እኮ! መንገድ ላይ የነበረ ሰው ቀና ብሎ አየ። በዚህ ጊዜ ሸውቂ ሳቀ። ትራሱን ደረቱ ላይ ጭምቅ አድርጎ፣ «ኧረ እማዬ፣ ስፌቴ ሊፈታ ነው!» እያለ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጀመሪያ የሳቀው ያን ቀን ነው። እኔ አንድ ወር ሙሉ ቀልድ አውርቼለት፣ ሬዲዮ ከፍቼለት፣ የጎረቤቱን አረማመድ ሁሉ አስመስዬለት ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም።

ገባሁ። ድስቱን አነሳሁና ያን ሁሉ አረንጓዴ መረቅ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ከዚያ ከሆስፒታሉ የሰጡንን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቼ በሴቶቹ ፊት ዘረጋሁትና አነበብኩ። «ቅጠላ ቅጠል ፈጽሞ ክልክል ነው። ሙሉኪያ ደሙን ያረጋዋል፤ በሽተኛውን ይገድላል።» ከዚያም፣ «ልጅዎን ሊገድሉት ነው የመጡት?» አልኩዎት። ጎረቤታችን የዋኢል እናት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እርስዎ ወረቀቱን አዩት። የማይነበብልዎትን ወረቀት አተኩረው አዩት። ቀጥሎ ወደ ሸውቂ ክፍል በር አዩ። ልብስዎን ጠቅልለው ሲወጡ የጭልፋው እጀታ ከጥቅሉ ወጥቶ ይታየኝ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ክኒኑን በሰዓቱ ስጪው። አንቺም ብዪ» አሉኝ። ያልሰማሁ መስዬ ብርጭቆ አጠብኩ።

መምህርት ኢንሳፍ፣ እዚህ ላይ ከደብዳቤው ጋር ያጠፍኳትን ሰማያዊ ማኅተም ያለባትን ወረቀት ታውጣት። ያችው ወረቀት ናት። አራተኛውን መስመር ጮክ ብላ ታንብበው። የሚለው እንዲህ ነው፤ «ቅጠላ ቅጠል በየሳምንቱ በአንድ ልክ ይብላ፤ አይጨምር፣ አይቀንስ።» ክልክል የሚል ቃል የለበትም። ይገድላል የሚልም የለም። ያልተጻፈ ነገር ነው ያነበብኩብዎት። ሆስፒታሉ ውስጥ በሰጡን ቀን ሦስቴ አንብቤዋለሁ፤ ምን እንደሚል ልቅም አድርጌ አውቅ ነበር። ማንበብ እንደማይችሉም አውቅ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረም፤ አውቄ ነው የረገጥኩት። በሙሉኪያው አይደለም እናቴ የተናደድኩት። በሳቁ ነው።

ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ፣ አጎት ፈርጋሊ በመሻገሪያ ጀልባው አንዳንድ ከረጢት ትኩስ ቅጠል ያመጣልኝ ነበር። «ከሐጃ ነው» ይለኛል፣ እርስዎን ማለቱ ነው፤ ሌላ መልእክት የለውም። ሦስት ሐሙስ መጣ። ሦስቱንም ለዋኢል እናት ዳክዬዎች ሰጠሁ። ለሸውቂ ነጭ ሩዝና የተቀቀለ ዶሮ ሠራሁ። እናቴስ አለ በመጀመሪያው ቀን። ጉልበታቸውን አሟቸው ሄዱ አልኩት። ደግሞ አልጠየቀኝም። የሱ ዝምታ ከጩኸት ይብሳል፤ እርስዎ ስለወለዱት ያውቁታል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቁርስ ላይ፣ አፍንጫው ደማ። ነስር ነው ብለን ራሱን ቀና አደረግነው፤ በረዶ አደረግን፤ አንድ ፎጣ ሞላ። ሁለተኛው ሞላ። ድዱም መድማት ጀመረ፤ ሲናገር ጥርሱ ቀይ ነው። ታክሲ ተጠርቶ እስክንድርያ እስክንደርስ ድረስ ራሱን ደረቴ ላይ ይዤው ሄድኩ። ከታመመ ወዲህ ያቀፍኩት ያን ጊዜ ነው። በዚህ ሰበብ መሆኑ አንጀቴን ቆረጠው። ያች ሰዓት ከክንዴ ሥር ትመታለች፤ እኔ ደግሞ አትቁሚ፣ አትቁሚ፣ ባክሽ አትቁሚ እላታለሁ።

ደሙን ሲያዩት ውሃ ሆኗል አሉ። ዶክተር ማጊዳ፣ ያች መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬ የታል የምትለው፣ ነስሩን በጥጥ ካቆመችው በኋላ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ተለወጠ? ምግብ? ክኒን? ሌላ መድኃኒት?» ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ምንም» አልኳት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለች። አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ተወትፎ፣ ሸውቂ ነው የመለሰላት። «ምንም አልተለወጠም ዶክተር። ሚስቴ እንደ ሰዓት ናት» አላት።

ሰማሁት። ዶክተሯ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች፣ «ምክንያቱን ካላወቅኩት ይህ ነገር መመለሱ አይቀርም፤ በሚቀጥለው ደግሞ በአፍንጫው ላይሆን ይችላል፤ በጭንቅላቱ ሊሆን ይችላል» እያለች ትጽፋለች። ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ያው አግዳሚ አለ። ተቀመጥኩ። እርስዎ የተቀመጡበት በኩል ባዶ ነው። እዚያ ሆኜ፣ ይህ ሰው ሁሉን ያውቃል አልኩ። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ያን ቅዳሜ ያልኩትን ሁሉ ሰምቷል፤ ወረቀቱንም ከእኔ በፊት ነው ያነበበው። እኔን ላለማዋረድ ብሎ በደሙ ሊዋሽልኝ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወውና ወደ ቤት ልሂድ? ተነሳሁ። ተመልሼ ገባሁና በፊቱ ተናገርኩ። ድስቱን፣ ወረቀቱን፣ ዳክዬዎቹን።

ዶክተር ማጊዳ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስሚኝ እህቴ» አለችኝ፤ «በዚህ አገር እናቶችን ሙሉኪያ አትሥሩ ብዬ የማሸንፍ ይመስልሻል? መድኃኒቱን የለካሁት በእናትየው ድስት ልክ ነው። ቅጠሉ ደሙን ያወፍራል፣ ክኒኑ ያቀጥናል፤ ድስቱን ስትደፊው ክኒኑ ብቻውን ቀረና ደሙን አቀጠነው።» ገዳዩ ሙሉኪያው አልነበረም ማለት ነው። እኔ ነበርኩ። ይህንን ሴቶቹ ይስሙት፤ ካልሰሙት መምህርት ኢንሳፍ ትድገመው።

ቀጥላ፣ «ስንት ይበላ ነበር?» አለችኝ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእናቱ ጭልፋ ሁለት ሁለት፣ አልኳት። «የእናቱ ጭልፋ ስንት ይይዛል?» አለች። ሸውቂ በእጁ መዳፍ ያህል ሲያሳይ፣ እኔ ከዚያ ያንሳል ስል፣ እሱ ከዚያ ይበልጣል ሲል፣ በዚያ ሁሉ መሐል ልንጣላ ደረስን። ዶክተሯ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ፣ «እንግዲያው ጭልፋዋን ከነባለቤቷ አምጪልኝ» አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ክኒኑን በግማሽ አድርጋ፣ ደሙን በየአራት ቀኑ እዚሁ ረሺድ እያስለካን እንድንቆይ አዘዘች።

ተመልሰን በራችን ላይ ስንወርድ የዋኢል እናት ዳክዬዎች እየተንገዳገዱ ሲያልፉ ሸውቂ ቆሞ አያቸው። «ወፍረዋል» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሐሙስ አለፈ፤ ከረጢት አልመጣም። አጎት ፈርጋሊን ጠየቅኩት። ገመዱን ሲያስር ሲፈታ፣ ሲያስር ሲፈታ ቆየና፣ «ቅጠሉን ማን እንደበላው ሰዎች ለሐጃ ነግረዋቸዋል፤ ይኸው ነው» አለኝ። ከረጢቱን ይዘው እስከ ጀልባው መጥተው፣ እግርዎን ሳንቃው ላይ ካደረጉ በኋላ እንደተመለሱ ነገረኝ። በዚያ ጉልበትዎ። በሱቁ ስልክ ላስጠራዎ ሁለት ጊዜ ቁጥሩን አዞርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባለሱቁ ሃሎ ሲል ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ነገር ለባለሱቅ ጆሮ አይነገርም። ለምድጃ ዳር ሴቶች ግን ይነገራል፤ የሰደብኩዎት በሴቶች ፊት ነውና።

ራሴ ሞከርኩት። ከገበያ ቅጠሉን ገዝቼ፣ ከትፌ፣ አፍልቼ፣ ሽንኩርቱን ስገለብጥ ማንም እንዳያየኝ በሩን ዘግቼ ትንፋሼን ሳብኩ። ከማዶ ሆኖ፣ «እጅሽን አቃጠለሽ?» አለኝ። ሦስት ማንኪያ በላና አስቀመጠው። ጥሩ ነው አለኝ። ግን? አልኩት። ጥሩ ነው አልኩሽ አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ እፍኝ ሩዝ ነው የሚበላው። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ። ሐኪሞቹ ቀስ እያለ እንዲራመድ አዝዘውታል፤ እሱ እስከ መስኮቱ ሄዶ መሻገሪያውን ያይና ይመለሳል። የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ትራሱን አቅፎ ይውላል፤ እኔ ማዕድ ቤት እውላለሁ፤ በመሐላችን ጭቅ ጭቅ የምትል ያች ነገር ብቻ አለች።

ስለዚህ ይምጡ እላለሁ። ለእኔ ብለው አይደለም፤ ለእኔ ብለው ይምጡ የምልበት አፍ የለኝም። ቀጠሯችን የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ ጭልፋው ካልተለካ ዶክተሯ የክኒኑን ልክ አታውቀውም፤ ካላወቀችው ወይ ደሙ ይረጋል ወይ ይፈሳል። ሐሙስ በመጀመሪያው ጀልባ ጭልፋውን ይዘው ይምጡ። መሻገሪያው ላይ ከጠዋት ጀምሬ ቆሜ እጠብቃለሁ። አልመጣም ካሉ ጭልፋውን ብቻ ለአጎት ፈርጋሊ ይስጡት፤ መቶ ጊዜ አጥቤ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላሳድር እመልስልዎታለሁ። ፊቴን ማየት ካልፈለጉም ማዕድ ቤቱን ለቅቄ እወጣልዎታለሁ። የሳሎኑ ሶፋ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ካልወደዱም እኔ መሬት እተኛለሁ።

ቅባትዎ መስኮቱ ላይ እንዳለ ነው። አልነካሁትም፤ አቧራውን ብቻ እጠርግለታለሁ።

ስለ ራሴ ይጠይቁኝ እንደሆነ፣ ምንም የምጽፈው የለኝም። ሰው ሁሉ በር ላይ ሆኖ ሸውቂስ ይለኛል፤ ደህና ነው እላለሁ፤ ይሄዳል። ከዚያ ኮሪደር ወዲህ፣ አንቺስ በላሽ ያለኝ ሰው የለም። ዛሬ አልበላሁም። ትናንትም እንጃ።

አሁን ይህን ስጽፍ ሸውቂ ከአልጋው ሆኖ ምን እየጻፍሽ ነው አለኝ። የገበያ ዝርዝር ነው አልኩት። «ይህን ያህል ረጅም ገበያ?» አለ። ብዙ ነገር ጎድሎብናል አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና፣ «እንግዲያው ጭልፋ መጻፍ እንዳትረሺ» አለኝ።

አላህ ጉልበትዎን ያጽናልን። ዕድሜዎን በጤና ያርዝምልን። ያ ድንጋጤዎ ከዚህ ቤት ማዕድ ቤት እንደገና ይሰማ፤ እኔ ደግሞ በሩን ከፍቼ ልስማው።

መልሱን በጽሑፍ አልጠብቅም። ሐሙስ ከጀልባው ሲወርዱ እጅዎን እስማለሁ።

ልጅዎ